ሐዲዱስ መጣ፣ ሙያው የታለ?

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለተሰበሰቡ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች፣ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች በንግግር የቀረበ ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በጥቂቱ ከማሳጠር በስተቀር እንዳለ ቀርቧል።)

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ያለኝ አንድ ዲፕሎማ ነው፤ እሱም "አስር ፕላስ ሦስት" ይባል በነበረበት ዘመን በኤሌክትሪክ ሙያ ያገኘሁት ነው። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እኔን ሲያይ፣ እኔም እሱን ሳይ ጊዜው ሄደ። ሥራ ሲጠፋ ብዕር አነሳሁና ለጋዜጣ መጻፍ ጀመርኩ። ዛሬም ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ በጻፍኩት ልክ ነው የምከፈለው። ስለዚህ ስለ ሙያ ሥልጠናና ስለ ሥራ አገናኝ ስናገር ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን ጫማዬን የጨረሰብኝን ነገር ነው የምነግራችሁ።

ለዚህ ከተማም ባዳ አይደለሁም። አባቴ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግሁት እዚሁ፣ የፉርጎ ድምፅ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ ጥፋት ብናገር እንደ ልጃችሁ ገሥጹኝ፤ እውነት ብናገር ደግሞ እንደ እንግዳ በጭብጨባ ሸኝታችሁኝ አትርሱት።

ዳጉና የማስታወቂያ ሰሌዳ

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ይላል። ዳጉ ይለዋወጣል። የት ዘነበ? የት ሣር አለ? ማን ታመመ? ማን ወለደ? የየትኛው ጎሣ ከብት ወዴት ሄደ? በዓይኑ ያየውን "አየሁ"፣ ከሰው የሰማውን "ሰማሁ" ብሎ ይለያል። የሰማውን ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ሳያዛባ ማድረስ ግዴታው ነው። ዳጉ የሚዋሽ ሰው በአገሩ ክብር የለውም። በዚህ መንገድ ሰመራ ላይ የተነገረ ወሬ፣ ስልክ በሌለበት ዘመን እንኳ፣ አዋሽ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም ነበር።

እንግዲህ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ዝናብ የጣለበትን ሜዳ በቀናት ውስጥ የሚያውቅ ሕዝብ፣ በገዛ ደጁ በተሠራ ፋብሪካና በገዛ ሜዳው ባለፈ ባቡር ውስጥ የተከፈተን የሥራ ቦታ የሚሰማው ለምንድነው ቦታው ከተሞላ በኋላ? ወይም ጨርሶ የማይሰማው? ማስታወቂያው የሚለጠፈው አዲስ አበባ ነው። የሚጻፈው የአፋር ልጅ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ነው። የምዝገባው ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ መንገደኛው ከአውቶቡስ ሳይወርድ ነው። ከዚያ በኋላ በሪፖርት ላይ "ለአካባቢው ተወላጆች ቅድሚያ ተሰጥቷል" ይባላል። ቅድሚያው ለማን ተሰጠ? ላልሰማ ሰው ቅድሚያ መስጠት ለሞተ ሰው ወተት እንደማቅረብ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገር አንድ ነው። በዚህ በአዋሽ ሸለቆ ቻይና መጥታለች፤ ቱርክ መጥታለች፤ ህንድ መጥታለች። ሁሉም እንደኛ "ታዳጊ" ሲባሉ የኖሩ አገሮች ናቸው። ብድሩንም፣ ማሽኑንም፣ ባለሙያውንም ይዘው መጡ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚቆመው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚወስነው ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እዚህ መቅረቱ ነው። ይህ ደግሞ በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ቀን ካልተቆረጠለትና ዜናው ለልጁ ካልደረሰ በምኞት አይመጣም።

የአባቴ ሐዲድና የቻይናው ሐዲድ

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ የሆነችው በዚያ ሐዲድ ምክንያት ነው። ፈረንሳዮቹ ለኛ ጽድቅ ብለው አልሠሩትም፤ ግን አንድ ነገር ሳይወዱ በግድ ትተው ሄዱ። ድሬዳዋ ላይ ወርክሾፕ ነበር። በዚያ ወርክሾፕ ልጅ ከባለሙያ አጠገብ ቆሞ መፍቻ እያቀበለ ሙያ ይለምድ ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት የገባው ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ሐዲድ ላይ ግን ጆሮውን ጣል አድርጎ የትኛው ብሎን እንደላላ ይነግራችኋል። ሙያውን የሰጠው ሰርተፊኬት ሳይሆን አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

አዲሱ ባቡርስ? የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ከገንዘቡ አብዛኛው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ሪባን ተቆረጠ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ግን በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያ ነጂው ቻይናዊ፣ ተቆጣጣሪው ቻይናዊ፣ ጠጋኙ ቻይናዊ ነበር። የኛ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። እኛ ጋዜጠኞች መውቀስ ስለሚቀናን ጥሩውን ስናይ ዓይናችንን እንጨፍናለን። በባቡሩ ውል ውስጥ አንድ ጤነኛ ነገር ነበር፤ ይኸውም ቀን ተቆርጦለታል። የቻይናዎቹ የማስተዳደር ውል ለስድስት ዓመት ነበር። በነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እዚህም ቻይናም እየተላኩ ሠለጠኑ፤ የባቡር ነጂ፣ የጣቢያ ተቆጣጣሪ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ጠጋኝ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም ሥራው ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተላለፈ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ያ ባቡር በኛ ጣቢያ ሲያልፍ መሪውን የያዘው ያገራችን ልጅ ነው። ቀን ከተቆረጠና ኃላፊው ከታወቀ ታዳጊ አገር ከታዳጊ አገር ሙያ መቅዳት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ጥያቄዬ ግን አሁን ይመጣል። ከነዚያ ከሠለጠኑት ውስጥ ባቡሩ በየቀኑ አቧራ የሚያለብሰው የአዋሽ ፈንታሌ ልጅ ስንት ነው? ግመሉን ከሐዲዱ እያራቀ የሚጠብቀው እረኛ ልጁን የላከው የት ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ምን እንደማይ ሁላችንም እናውቃለን። ለአካባቢው ልጅ የደረሰው ሥራ አብዛኛው ዘበኝነትና የቀን ሥራ ነው። ዘበኝነት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ክቡር ሥራ ነው። ግን የባቡር ዘበኛ ሃያ ዓመት ቢጠብቀው ባቡር መንዳት አይለምድም።

ሌላ ሐዲድም አለን። ከዚሁ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር የተሰጠው ያፒ መርኬዚ ለተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው። ገንዘቡ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና ከአውሮፓ ባንኮች መጣ። ሐዲዱ አብዛኛው ተዘረጋ፤ ነገር ግን ኃይል ሳይገባለት ለዓመታት መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ቆየ፤ ጦርነቱም ጉዳት አደረሰበት። በግንባታው ጊዜ ብረት ማጠፍ፣ ብየዳ፣ የከባድ ማሽን ሥራ የለመዱ ብዙ ልጆች ነበሩ። ፕሮጀክቱ ሲቀዘቅዝ ተበተኑ። "እዚህ ፕሮጀክት ላይ ይህን ሙያ ሠርቷል" የሚል፣ ሌላ ቀጣሪ የሚያምነው ወረቀት ለእያንዳንዳቸው ሰጥቶ፣ ስማቸውን መዝግቦ፣ ለሚቀጥለው ሥራ የሚያስተላልፍ አገናኝ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ልምድ ሜዳ ላይ አይፈስም ነበር። አሁን ያ ልጅ የሠራበትን ለማስረዳት ያለው ማስረጃ በስልኩ ያነሳው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ከዚህ ተነስቶ ወደ ሰመራ የሚሄድ ሰው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ ሎጊያ ሲደርስ መንገዱን የሞላው ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደውና ከዚያ የሚመጣው ከባድ መኪና ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ከመጣ ወዲህ ባዶ ሜዳ የነበረው ቦታ ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ በቅሎበታል። ዕድገቱን አልክድም። ህንፃ የማያይ ዕውር ብቻ ነው።

ነገር ግን ከሰመራ ብዙም ሳይርቅ ተንዳሆ አለ። ተንዳሆን የማያውቅ የለም። ቀድሞ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ያመርትበት ነበር፤ ቀጥሎ ደርግ ወረሰው። ከዚያ በኢሕአዴግ ዘመን 50 ሺ ሄክታር አገዳ ይለማበታል ተብሎ የስኳር ፋብሪካ ታቀደለት። አዋሽ ወንዝ ላይ ግድብ ተገደበ። የህንድ ኤክዚም ባንክ ለተንዳሆ፣ ለወንጂና ለፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች 640 ሚሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማማ፤ ማሽኑም ተቋራጩም ከህንድ መጣ። ፋብሪካው በ2007 ዓ.ም የሙከራ ምርት ጀመረ ተባለ። ከዚያስ? አገዳው አነሰ፤ ማሽኑ ታመመ፤ ፋብሪካው ማምረት አቁሞ ዓመታት ተቆጠሩ። ለአገዳው ሲባል የግጦሽ መሬቱን የለቀቀው አርብቶ አደር ግጦሹንም ስኳሩንም አጣ።

ለፋብሪካው መቆም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሙያ እጦት ላይ አልጭነውም። ግን አንዱን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ማሽን ሲገዛ ሰው አብሮ አልተገዛም። "ሰው ተገዛ" ስል ባርነት ማለቴ አይደለም! ሙያውን ማለቴ ነው። ህንድ በስኳር የታወቀች አገር ናት። እ.ኤ.አ ከ1964 ጀምሮ የታዳጊ አገር ሠራተኞችን ወስዳ በራሷ ወጪ የምታሠለጥንበት ፕሮግራም አላት። ከዚህ አገርም ብዙ ሰዎች ሄደው ሠልጥነዋል። የሄዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነማን ናቸው? የቢሮ ሰዎች። የቦይለር ሠራተኛው፣ የፓምፕ ጠጋኙ፣ አገዳ የሚመዝነው ልጅ አልሄደም። አለቃው ሄዶ ሰርተፊኬት ይዞ መጣ፤ ፓምፑን የሚፈታው ልጅ ግን እዚሁ ቀረ። ፓምፑ ሲበላሽ ታዲያ ሰርተፊኬት አይጠግነው!

ድሃ ከድሃ ሲማማር

አንዳንድ ሰው "ድሃ ከድሃ ምን ይማራል? መማርማ ከጀርመን ነው" ይላል። ከጀርመን መማር መልካም ነው። ግን ታሪኩን እናስታውስ። እ.ኤ.አ በ1955 የእስያና የአፍሪካ 29 አገሮች ኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ላይ ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። በ1978 ደግሞ 138 አገሮች አርጀንቲና ቦነስ አይረስ ላይ ተስማምተው ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ በሙያና በቴክኒክ እንዲረዳዱ ዕቅድ አወጡ። ዛሬ የደቡብ ደቡብ ትብብር የሚባለው ነገር መሠረቱ ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከኔ ጋር የሚመሳሰል ችግር ያለበት ጎረቤቴ ችግሩን የፈታበትን ዘዴ ቢያሳየኝ፣ የኔን ሙቀትና የኔን አቧራ ከማያውቅ ሩቅ ሰው ይሻለኛል ማለት ነው።

ደግሞም እኛ ተቀባይ ብቻ አልነበርንም። እ.ኤ.አ በ1962 ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ ኮልፌ መጥቶ ሠልጥኗል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ፓይለቶችንና የአውሮፕላን ጠጋኞችን ያሠለጥናል። ይህ አየር መንገድ ግን ሲጀመር እ.ኤ.አ በ1945 ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነው፤ ፓይለቱም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። በ1953 ውሉ ሲታደስ ግቡ አየር መንገዱ በኢትዮጵያውያን እንዲመራ ማድረግ መሆኑ ተጻፈበት። በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጊዜ ወስዷል። ግን ተጽፎ ነበርና ተፈጸመ። በወረቀት ያልሰፈረ ተስፋ ነፋስ ይወስደዋል።

ከቻይና ጋርም ቢሆን የተጀመረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ የቻይና መምህራን በግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን መጥተው አስተምረዋል። በ2013 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ በሚገኘው የቴክኒክና ሙያ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ "ሉባን ወርክሾፕ" የተባለው ቻይናዎች የሚረዱት ማሠልጠኛ ተከፈተ። እሰየው! ግን ከሰመራ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቤቱ ከግመል ጋር የሚንቀሳቀስ ልጅ፣ ትምህርቱን በድርቅ ምክንያት ያቋረጠ ልጅ፣ የመግቢያ ነጥቡን አሟልቶ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሮቦት ይማራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ሥልጠናው ወደ ልጁ ይምጣ እንጂ!

በሩ ሲዘጋ ደላላ ይከፍታል

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። አብሮኝ ኤሌክትሪክ የተማረ አንድ የዚህ ከተማ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ በሕይወት አሉ። ከክፍላችን እጁ የተባረከ እሱ ነበር። እኔ ሽቦ ሳገናኝ ፊውዝ ይቃጠላል፤ እሱ ሲያገናኝ መብራት ይበራል። ከተመረቅን በኋላ ዓመታት በቀን ሥራና በቤት ሽቦ ዝርጋታ ተንከራተተ። በ2008 ዓ.ም አንድ ደላላ አገኘው። ደላላው የሥራ ልምድ አልጠየቀውም፤ ሲኦሲ አልጠየቀውም፤ "ነገ ና፣ ፋይልህ አልተገኘም" አላለውም። "ሳውዲ ኤሌክትሪሺያን ይፈለጋል" ብቻ አለው። በሎጊያ፣ በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ወደ ኦቦክ ወረደ። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም።

እሱ በሄደ በጥቂት ወር ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚፈልግ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ላይ ወጣ። ሥራው እዚሁ በዚህ መስመር ላይ ነበር። እኔ ያየሁት የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እሱ የተወልኝ ቴስተር ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ይኸው። (ተናጋሪው ቴስተሩን ለተሰብሳቢው አሳይቷል።)

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባልነገርኳችሁ። በዚህ በኛ መንገድ ነው ከመላው ኢትዮጵያ የሚመጣው ልጅ ወደ ባሕር የሚወርደው። በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ መግቢያ ላይና በዚያው ወር አጋማሽ፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ በጀልባዎቹ የነበሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከዚያ በፊትም በ2006 ዓ.ም ከ160 ሺ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ተባርረው ሲመጡ አይተናል። ያኔ መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን ከለከለ፤ በሩን ዘጋ። ደላላው ግን ጓሮውን ከፈተ። የተዘጋ በር ስደትን አያቆምም፤ ስደቱን ወደ ጨለማ ይወስደዋል እንጂ።

የሥራ አገናኝ አገልግሎት የመንግሥት ግዴታ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ አገናኝ አገልግሎት የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 88 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ በ1963፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። ስምምነቱ አገሮች ለሕዝብ ነፃ የሥራ አገናኝ እንዲያቋቁሙ ያስገድዳል። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት ተቀያየረ። የመሥሪያ ቤቱም ስም ተቀያየረ፤ ዛሬ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይባላል፤ የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም ነው። አሁን ደግሞ ምዝገባው በኮምፒዩተር ሆኗል ይባላል። መልካም ነው። ግን ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ያለ ልጅ በየት በኩል ይግባ? ኮምፒዩተሩስ አፋርኛ ይሰማል ወይ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

"ጋዜጠኛ መውቀስ እንጂ መፍትሔ አያውቅም" እንዳትሉኝ አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ ከቻይናም ሆነ ከህንድ ወይም ከቱርክ ጋር የሚፈረም ውል የሰው ዝርዝር ይኑረው። ስንት በያጅ፣ ስንት ኤሌክትሪሺያን፣ ስንት የማሽን ጠጋኝ ከየትኛው ወረዳ ይሠለጥናል? የውጭው ባለሙያ ቦታውን የሚለቅበት ቀን መቼ ነው? የባቡሩ ስድስት ዓመት ጥሩ አርአያ ነው። ዝርዝሩም በካዝና ውስጥ አይቆለፍ፤ በአማርኛና በአፋርኛ በወረዳው በር ላይ ይለጠፍ። ሕዝብ የሚከፍለውን ብድር ሕዝብ ሊያነበው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ማሠልጠኛው ማሽኑ ያለበት ቦታ ይሁን። እዚህ አዋሽ ሁለት ሐዲድ ይገናኛል። ከዚህ የበለጠ ወርክሾፕ ከየት ይመጣል? የተንዳሆ ፓምፕና ሞተር ቆሞ ዝገት ከሚበላው ለልጆች መፍቻና መግጠሚያ ቢሆን ምን ይጎዳል? ወደ ውጭ የሚላከውም ሰው ከቢሮ ብቻ ሳይሆን መፍቻ ከሚይዘው ይመረጥ። ተምሮ ሲመለስ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ልጅ አጠገቡ አቁሞ ያስተምር። አባቴን ያስተማረው ሰው ያደረገው ይህንን ነው።

ሦስተኛ፣ ጅቡቲን እናስታውስ። የቅርብ ጎረቤታችን፣ የባቡሩ ተካፋይ፣ የወደቡ ባለቤት ጅቡቲ ናት። እዚያም እዚህም አፋር አለ፤ ቋንቋው አንድ ነው። ሰመራ ላይ ተፈትኖ ያለፈ የከባድ መኪና መካኒክ ወይም ኤሌክትሪሺያን ወረቀቱ ጅቡቲ ላይ እንዲታወቅለት፣ የጅቡቲውም እዚህ እንዲታወቅለት ሁለቱ መንግሥታት ለምን አይስማሙም? በአፋርኛ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና በጋራ ለምን አያዘጋጁም? ያኔ በዚያ መንገድ የሚወርደው ልጅ ከደላላ ኋላ በሌሊት ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ በቀን ይሄዳል። የደቡብ ደቡብ ትብብር ማለት ቤጂንግና ኒውዴልሂ ብቻ አይደለም፤ ጋላፊም ነው።

አራተኛ፣ የሥራው ወሬ በዳጉ ይሂድ። ቀልዴን አይደለም። የሥራ አገናኝ ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ በገበያ ቀን ይቀመጥ። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር በሬዲዮ በአፋርኛ ይነገር፤ ለጎሣ መሪዎች በቃል ይደረስ፤ የምዝገባው ጊዜ ወሬው ደርሶ ሰው እስኪመጣ ድረስ ይራዘም። ዳጉ ነፃ ነው፤ ታማኝ ነው፤ ኔትወርክ አይቆራረጥበትም። መንግሥት ሊጨምርበት የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነተኛ ወሬ። ቦታው በዘመድ ከተሞላ በኋላ ለይስሙላ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በዳጉ ሕግ ውሸት ነው።

እኛም ጋዜጠኞች ከወቀሳው አናመልጥም። አምዳችንን የሞላው የአራት ኪሎ ፖለቲካ ነው፤ ማን ወረደ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከማን ተጣላ። ለአፋር ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ያወጣንበትን ገጽ ብትጠይቁኝ አፍራለሁ። ወደዚህ የምንመጣውም ድርቅ ሲሆን፣ ጎርፍ ሲሆን ወይም ተኩስ ሲሆን ነው። ይህ መታረም አለበት።

ወጣቶች! ለናንተ ያለኝ ቃል አጭር ነው። መንግሥት እስኪያስብላችሁ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፤ ግን አትተዉትም። በየወረዳው ቢሮ ሄዳችሁ "ከኛ አካባቢ ስንት ሰው ሠለጠነ? ማን ማን? በምን ሙያ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ካልመለሱላችሁ ነገ ጠይቁ። ጥያቄ ሕገወጥ አይደለም። እጃችሁ ያለውን ሙያ ደግሞ አትናቁት፤ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ከሚፈርም ሰው አያንስም።

አባቶች፣ እናንተ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ መንገድ ላይ ሰው ታገኛላችሁ። ዳጉ ይጠይቃችኋል። እንግዲህ እንዲህ በሉልኝ፦ "አዋሽ ላይ አንድ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሲናገር ሰማን። ሐዲዱ የኛን መሬት አልፎ ይሄዳል፣ ልጆቻችን ግን ባሕር ውስጥ ይቀራሉ አለ። ሥራው ሲከፈት ይነገረን፣ ሙያውም እዚሁ ይምጣልን ብላችሁ ጠይቁ አለ።" ያያችሁትን አየን፣ የሰማችሁትን ሰማን ብላችሁ አድርሱት። ሰመራ ይደርሳል። ምናልባትም አንድ ቀን አዲስ አበባ ይደርሳል።